ጉዳዩ፦ ሥራ ስለ መልቀቅ

ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል፣
ድሬዳዋ።

ከላይ በርእሱ እንደ ጠቀስኩት፣
ሰባት ዓመት ከመንፈቅ የሰው ደመወዝ ደመርኩ፣
የሲሚንቶ ብናኝ ከመዝገብ ላይ በመዳፌ ጠረግኩ፤
ወንበሩ በኔ ልክ ጎደጎደ፣
ወገቤም በወንበሩ ልክ ለመደ።
ማንም አልበደለኝም። ይኼ ይመዝገብልኝ።
ደመወዝ በሃያ ስምንት ይገባል፣
በዓል ሲደርስ ዘይት ይታደላል፣
ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ከተማው በሩን ሲዘጋ
እኔም በከዚራ ዛፎች ሥር አልፌ
ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ፣ እንደ ሰው።

የጅቡቲው ደንበኛ ሒሳብ አልታረቅ ብሎ
የሦስት ቀን አበል ፈርማችሁ ላካችሁኝ፤
ጥፋቱ የናንተ ነው፣ እኔን አትጠይቁኝ።
ሒሳቡ በአንድ ቀን ታረቀ።
ሁለት ቀን ተረፈኝ።

ያዮ የሚባል የአፋር ልጅ፣
አፍንጫው የተሰበረ ሰሌዳ በብብቱ ሸጉጦ
ከባሕሩ ዳር ቆሞ ነበር።
ሰርፍ ይሉታል።
«ይኼ ሞገድ አይደለም» አለኝ፣ «የሞገድ ጫጩት ነው፤
እናቶቹ ደቡብ ናቸው፣ ከሞምባሳ ወዲያ።
እስከዚያው በዚህ ውደቂ።»
ወደቅኩ።
አሥራ ዘጠኝ ጊዜ፣ ጨው እየጠጣሁ፣ ጉልበቴ እየተላጠ።
በሃያኛው ቆምኩ።
አራት ሰኮንድ።

ከተመለስኩ ጀምሮ ማስያው ላይ እሞክረዋለሁ፦
አራት ሰኮንድ ለሰባት ዓመት ከመንፈቅ ሲካፈል
ዜሮ፣ ነጥብ፣ ከዚያ ዜሮ በዜሮ፣
መጨረሻው ከመስኮቱ ጠርዝ ይወድቃል።
ይኼን ሁሉ ዘመን ቁጭ አልኩ፤
ቁጭ ማለት ከቁጭት አንድ ፊደል እንደሚጎድለው
ጨው ስጠጣ ነው ያወቅኩ።

ለእናቴ መንገሩ ከበደኝ።
እኛ የደቻቱ ዳር ሰዎች ነን፤
ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ገበያ ይዘረጋበታል፣ ኳስ ይለጋበታል፣
አንድ ሌሊት ግን ወንዝነቱ ትዝ ይለዋል።
ስምንት ዓመቴ ነበር።
ጎርፉ በራችንን ከነመቀርቀሪያው ነቅሎ ሄደ።
በማግስቱ ከድልድዩ ሥር ተገኘ፣
የማናውቀው ልጅ በደረቱ ተለጥፎበት፣
ጥፍሩን ሳንቃው ውስጥ ቀብሮ፣
በሕይወት።
እናቴ ያን በር መልሳ አልሰቀለችውም።
ሁለት ክረምት በመጋረጃ አደርን።
ጎርፍ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስም የለውም፤
«ያ ነገር» ነው።

የሥራ ጋዋኔን ስትተኩስ ነገርኳት።
ካውያውን አቁማ፣
«ደመወዝ አለው?»
የለውም።
«አለቃሽ ማን ነው?»
ንፋስ።
ብዙ ዝም አለች። ጋዋኑ ሊቃጠል ነበር።
«ሳንቃው አያንሸራትትም?»
ሰም ይቀባል፣ እማዬ። እግር እንዲይዝ።

ጠዋት ሻንጣዬን ስከፍት
ከልብሱ መሐል አንድ እስር ጧፍ አገኘሁ፣
ለቁልቢ ስለቷ ከዓመት ዓመት ያጠራቀመችው።
ሰሙን ሰጠችኝ፤
ወርቁን አልነገረችኝም።
እኔም አልጠየቅኩ።

ስለዚህ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያዬን ተቀበሉኝ።
ፕሮቪደንት ፈንዴ ይሰላልኝ፤
ራሴም አስልቼዋለሁ፣ ሳንቲም ቢጎድል አውቃለሁ።
ቁልፎቹ ነጂባ ጋ ናቸው።
ሦስተኛው መሳቢያ ይነክሳል፤ ከፍ አድርጋችሁ ሳቡት።
ብሩ ሲያልቅ እመለስ ይሆናል፣
ያኔ ቦታው ክፍት ከሆነ፣
ሌላ ሰውም ወንበሩን በልኩ ካላጎደጎደው፣
እንነጋገራለን።

ከሰላምታ ጋር፣
ሕሊና ሽብሩ

ግልባጭ፦
ለነጂባ፣
ለያዮ፣ በቃል፣
ለደቻቱ፣ አሸዋ በሆነበት ወራት ይድረሰው።